የማር ጠጅ ፍለጋ በባሕር ዳር ዙሪያ፦ የቅዳሜና እሑድ መመሪያ

ለቅዳሜና እሑድ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ እንግዳ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። የከተማው ልጆችም ይጠይቁኛል። «የማር ጠጅ የት ይገኛል? የስኳር ሳይሆን የማር።» የቤት ስም ጠቅሼ ብሸኛችሁ ይቀለኝ ነበር፤ ግን አይሠራም። ዛሬ ግሩም ጠጅ የጠጣችሁበት ቤት በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ጥንስስ ከፍቶ ይጠብቃችኋል። ማሩ ተለውጦ ይሆናል፣ ቀኑ ሳይሞላ ተጠልሎ ይሆናል፣ ሙቀት በርትቶ ኮምጥጦ ይሆናል። ስለዚህ የማስተምራችሁ አፈላለጉን ነው። አፈላለጉን የያዘ ሰው በማያውቀው ከተማም አያፍርም።

የምትይዟቸው ነገሮች

- ጥርት ያለ ትንሽ ብርጭቆ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ። ብርሌ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ውስጡ በደንብ ለመታጠቡ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ክብ ሆዱም የጠጁን መልክ በትክክል አያሳይም።
- አንድ ነጭ ወረቀት፣ መልኩን ለማየት።
- የመጠጥ ውሃ፣ ለሰው ቢያንስ 2 ሊትር።
- ባዶ ዳቦ ወይም ያልተቀመመ ቆሎ።
- ለመውሰጃ የሚሆን ባለ 3 ሊትር ጀሪካን ወይም ንጹሕ ሃይላንድ። ጋዝ ወይም ዘይት የነካው ዕቃ በምንም እጥበት አይጸዳም፤ ሽታው ጠጁን ያበላሸዋል።
- ፕላስተርና እስክሪብቶ፣ ቀን ለመጻፍ።
- ዝርዝር ብር።
- የማይጠጣ ሹፌር። ይህ ከሁሉም ይቀድማል።

1. ወቅቱን ምረጡ

የጎጃም ዋናው የማር ቆረጣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። አደይ አበባና ኑግ ሜዳውን ቢጫ ካለበሱት በኋላ ማለት ነው። ሁለተኛ ዙር ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ላይ አለ፤ መጠኑ ግን ያንሳል። ጠጅ ለመድረስ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ በአዲስ ማር የተጣለ ጠጅ በብዛት የሚገኘው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ጥምቀት አካባቢ ያለው ሳምንት ይበልጥብኛል። ለበዓሉ ብዙ ቤት ይጥላል፣ ጠጪም ስለሚበዛ ጠጁ ሳይቆይ ያልቃል።

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ተጠንቀቁ። ባሕር ዳር በጣም የምትሞቀው ያኔ ነው። ሙቀት ጠጁን ቶሎ ያደርሰዋል፤ ቶሎም ያኮመጥጠዋል። ሁዳዴም በዚሁ ወቅት ስለሚውል ጠጪ ይቀንሳል፣ የተከፈተ ጋንም ሳያልቅ ይቆያል።

2. ቅዳሜ ጠዋት ከማሩ ጀምሩ

ጠጅ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ገበያ ሂዱ። ቅዳሜ ገበያው ስለሚደምቅ ማር ከየወረዳው ይገባል። ሁለት ነገር ይዛችሁ ተመለሱ፦ የማር ጣዕም በምላሳችሁ፣ የማር ዋጋ በወረቀታችሁ።

ከሁለት ወይም ከሦስት ሻጭ በትንሹ ቅመሱ። ጠጅ የሚጣለው ብዙውን ጊዜ ሰሙ ባልወጣለት ድፍድፍ ማር ነው፤ ስለዚህ ወለላውን ብቻ ቀምሳችሁ አትለፉ። የረጋ ማር ስታዩ «ስኳር ነው» አትበሉ። መርጋት የማር ጠባይ ነው። ክብሪት ላይ ማቃጠልና ወረቀት ላይ ማንጠባጠብም አታምኑ። እነዚህ ሙከራዎች ቢበዛ የሚያሳዩት ማሩ ውስጥ ውሃ መብዛቱን ነው፤ ወፍራም የስኳር ሽሮፕ በቀላሉ ያልፋቸዋል።

ይህን እርምጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው። ግን የዚያን ወቅት ማር ሽታ ሳያውቁ ጠጁ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

3. ሒሳቡን ሥሩ

ከአፍንጫና ከምላስ በላይ የማምነው ይህን ነው። ጠጅ ሲጣል ለአንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ ውሃ ይገባል። አንድ ኪሎ ማር ደግሞ 0.7 ሊትር ያህል ነው። ስለዚህ ከአንድ ኪሎ ማር የሚወጣው ጠጅ ከ3 እስከ 4 ሊትር ቢሆን ነው።

እንግዲህ የአንዱን ኪሎ ድፍድፍ ማር ዋጋ ለ4 አካፍሉት። ለምሳሌ ኪሎው 800 ብር ቢሆን፣ በአንድ ሊትር ጠጅ ውስጥ የማሩ ዋጋ ብቻ 200 ብር ነው። ጌሾው፣ እንጨቱ፣ ድካሙና ትርፉ ገና አልተደመረም። የብርሌው መጠን ከቤት ቤት ስለሚለያይ አንዱን ብርሌ በሃይላንድ ለኩና ዋጋውን ወደ ሊትር ቀይሩት። ጠጁ በሊትር ከማሩ ሩብ ዋጋ በታች ከተሸጠ ማሩ በቂ አይደለም። ባለቤቷ በጅምላ ረክሶላት ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ብር ቢያንስ አትፍረዱባት። ግማሽ በግማሽ ካነሰ ግን ስኳር አለበት ብላችሁ ጠርጥሩ።

ዋጋው ውድ ስለሆነ ብቻ ማር ነው ማለት ደግሞ አይደለም። ሒሳቡ የሚነግራችሁ የማይሆነውን ነው። የቀረውን ቀምሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

4. ጌሾውን ለማየት ዘጌ ድረሱ

ዘጌ በቡናው ይታወቃል፤ ጌሾም በብዛት ይለማበታል። በጀልባ ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ በመኪናም ይደረሳል። በጀልባ ከሆነ ከገበያው ቶሎ ወጥታችሁ ጠዋቱን ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ይበረታል። ላይፍ ጃኬት ሳትለብሱ አትሳፈሩ።

ለጠጅ የሚመረጠው በአብዛኛው የጌሾ እንጨቱ ነው፤ ቅጠሉ ለጠላ ይሄዳል። አንዱን እንጨት ቆርጣችሁ አሽቱት። ትንሽም አኝኩት። ያ ምሬት ምላስ ሥር ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። በኋላ ጠጅ ስትቀምሱ የጌሾን ምሬት ከመኮምጠጥና ከሌላ ምሬት የምትለዩት በዚህ ነው። ከጌሾው ማሳ ጎን ገዳማቱ አሉ። ጠጅ ይዛችሁም፣ ጠጥታችሁም ወደ ገዳም አትግቡ፤ ገዳማቱን መሳለም ከፈለጋችሁ ከመጠጡ በፊት ይሁን። ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ስላሉ ቀድማችሁ ጠይቁ።

5. ለእሑድ አንድ መንገድ ብቻ ምረጡ

ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፏፏቴውን አይታችሁ ትመለሳላችሁ። መርዓዊ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው፣ እሱም ቅርብ ነው። በአዴት በኩል መውጣትም ይቻላል። ሁለት መንገድ አትደርቡ። ጥድፊያ ውስጥ ጠጅ አይቀመስም፤ ይጠጣል እንጂ። የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ጠዋት ከሹፌሮች ጠይቁ፤ ሳይመሽም ወደ ከተማ ግቡ።

6. ትክክለኛውን ሰው ጠይቁ

ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ ከጠየቃችሁ ጭፈራ ያለበትን ቤት ይነግሯችኋል። ከዚያ ይልቅ ሦስት ዓይነት ሰው ፈልጉ። አንደኛው ማር ነጋዴ ነው፤ ማሩን በጣሳ እየሞላ የሚወስደው የትኛው ጠጅ ቤት እንደሆነ ያውቃል። ሁለተኛው ጌሾ ሻጭ ነው። ሦስተኛው ሰፈፍ ገዢ ነው። እሱ ከሁሉም ይበልጣል።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ድፍድፍ ማር በውሃ ሲበጠበጥ ሰሙ ከላይ ይንሳፈፋል። ያ ሰፈፍ ይጠራቀምና ለሰምና ለጧፍ ሠሪዎች ይሸጣል። ከስኳር ሰፈፍ አይወጣም። ስለዚህ በየጊዜው ሰፈፍ የሚሸጥ ቤት ማር በርግጥ እየበጠበጠ ነው። በተጣራ ማር የሚጥል ቤትም አለ፤ ሰፈፍ ማጣት ብቻውን ጥፋት አይደለም። ሰፈፍ መኖሩ ግን ጥሩ ምስክር ነው።

7. ባለቤቷን በአክብሮት ጠይቁ

«ጠጁ ጥሩ ነው?» አትበሉ። መጥፎ ነው የሚል ሻጭ የለም። ቁጭ በሉ፣ ሰላምታ ስጡ፣ ከዚያ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦

«እትዬ፣ ይሄኛው መቼ ተጣለ?»
«ጌሾው መቼ ወጣለት?»
«መቼ ተጠለለ?»
«ማሩ ከየት መጣ?»

ራሷ የጣለችው ሴት አራቱንም ሳታመነታ ትመልሳለች። ብዙ ጊዜም ደስ ብሏት ወደ ጓዳ ወስዳ ጋኑን ታሳያችኋለች። ከሌላ ቦታ አስመጥታ የምትሸጥ ከሆነ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ትደናገራለች። መልሱ ለምን እንደሚጠቅም እዩ፦ ገና ሳምንት ያልሞላው ጠጅ መፍላቱን አልጨረሰም፤ ሆድ ይነፋል። ጌሾው ብዙ የቆየበት ምሬቱ ይበዛል። ተጠልሎ ብዙ ቀን የተከፈተ ደግሞ አየር ስላገኘው ወደ ኮምጣጤ መሄድ ጀምሯል።

ዕቃው በወይራ መታጠኑንም ጠይቁ። የታጠነ ጋን ጠጁ ላይ ቀጭን የጭስ ሽታ ይተዋል። ያንን ሳያውቁ «ያረረ ነው» የሚሉ አሉ። በክረምት ከሆነ ውሃው ከየት እንደተቀዳ መጠየቅ ነውር አይደለም።

8. በቅደም ተከተል እዘዙ

አብዛኛው ጠጅ ቤት ደረቅ፣ መካከለኛና ለስላሳ አለው። ብዙ ሰው ከለስላሳው ይጀምራል። እኔ ከደረቁ ጀምሩ እላለሁ። ጣፋጭ ነገር ምላስን ይሸፍናል፣ የጠጁንም እንከን ይደብቃል። ደረቁ ላይ ግን የሚደበቅ ነገር የለም፤ ስኳሩ ወደ አልኮል ስለተለወጠ ማሩና ጌሾው ራቁታቸውን ይቀራሉ። ጥሩ ደረቅ ያለው ቤት መካከለኛውም ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው።

አንድ ብርሌ አዛችሁ ለሦስት ሰው በትንሹ ብርጭቆ አካፍሉት። ለአንድ ሰው ሁለት ጉንጭ ይበቃል። ደረቅ ጠጅ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚይዘው፤ ጉልበቱም ከቤት ቤት በጣም ይለያያል። ከቢራ ጋር እያወዳደራችሁ አትገምቱት።

ከመቅመሳችሁ በፊት ጥብስ በአዋዜ፣ አሳ ለብለብ፣ ቡናም አይሁን። ምግቡ ከቅምሻው በኋላ ይምጣ፤ ያኔ ቀረሶ የሚባለውን አሳ ጠብሳችሁ ከመካከለኛው ጋር ብትበሉ ይመቻል።

9. እዩ፣ አሽቱ፣ ቅመሱ

*መልኩ።* ብርጭቆውን ነጩ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ጠጅ ድፍርስ ቢሆን ችግር የለም፤ እርሾው ነው። ከፈዛዛ ቢጫ እስከ ጠቆር ያለ ወርቃማ ድረስ መልኩ እንደ ማሩ ይለያያል። እንደ ሚሪንዳ የሚያበራ ብርቱካናማ ካያችሁ ግን ቀለም ተጨምሮበታል ብላችሁ ጠርጥሩ። ከላይ ነጭ ስስ ሽፋን ከያዘ አየር ላይ ብዙ ቆይቷል።

*ሽታው።* መጀመሪያ ማር፣ ቀጥሎ ጌሾ፣ ምናልባት ትንሽ ጭስ መምጣት አለበት። ከእነዚህ ከሦስቱ ሽታዎች አንዱን እንኳ ካገኛችሁ አትጠጡ፦ አፍንጫ የሚወጋ ኮምጣጤ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል፣ እና የበሰበሰ እንቁላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጠጁ መበላሸቱን ይናገራሉ። ሦስተኛው አንዳንዴ ገና የሚፈላ ጠጅ ላይ ይመጣና ሲቆይ ይጠፋል፤ ቢሆንም ለዛሬ አልደረሰም።

*ጣዕሙ።* አንድ ጉንጭ ያዙ፣ አፋችሁ ውስጥ አዙሩት፣ ዋጡት። አሁን አትናገሩ። ዐሥር ቁጠሩ። የማር ጠጅ ከተዋጠ በኋላ ነው የሚመለሰው፤ ጠዋት ገበያ የቀመሳችሁት ማር በአፍንጫችሁ በኩል ይመጣል። ስኳር የበዛበት ፊት ለፊት ይጣፍጥና ወዲያው ይጠፋል፤ ውሃ ውሃ ይላል። የጌሾው ምሬት መጨረሻ ላይ ለስለስ ብሎ መቅረት አለበት። ጉሮሮ ከያዘ በዝቷል።

በቅምሻዎቹ መካከል ዳቦ ብሉ፣ ውሃ ጠጡ። የቤቱን፣ የቀኑን፣ የማሩን ቦታና ያገኛችሁትን ጣዕም ጻፉ። በአንድ ቀን ከሦስት ቤት በላይ አትሂዱ፤ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ጠጁ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

10. ከወደዳችሁት ገዝታችሁ ውሰዱ

ጠጅ ዕቃ ውስጥም መፍላቱን አያቆምም፤ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ጀሪካኑን አትሙሉት። ሩቡን ባዶ ተዉ። ክዳኑን ጥብቅ አታድርጉ፤ መንገድ ላይ በየሰዓቱ ላላ አድርጋችሁ አስተንፍሱት። የመስታወት ጠርሙስ በጭራሽ አትጠቀሙ፤ ከተዘጋና ከሞቀ ይፈነዳል፣ ስብርባሪውም ዓይን ያጠፋል። መኪና ውስጥ ፀሐይ ከሚያገኘው ቦታ አርቁት። ፕላስተር ላይ የተጠለለበትንና የገዛችሁበትን ቀን ጻፉ። ቤት ስትደርሱ ፍሪጅ አስገቡት። ቅዝቃዜው መፍላቱን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ እዚያም ማስተንፈሱን አትርሱ፣ በጥቂት ቀን ውስጥም ጨርሱት። ከኮመጠጠባችሁ በርበሬ በጥብጡበትና አዋዜ አድርጉት።

ማስጠንቀቂያ

- ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል እየወሰዳችሁ ከሆነ ጠጅ አትንኩ። ለአሜባና ለጃርዲያ በብዛት የሚታዘዙት እነዚህ ናቸው፤ ከአልኮል ጋር ማስመለስና የልብ ምት መፍጠን ሊያመጡ ስለሚችሉ መድኃኒቱ ላይ ራሱ ተጽፏል። መድኃኒቱን ጨርሳችሁም ቢያንስ ሦስት ቀን ቆዩ።
- እርጉዝ ሴት አትጠጣ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ለስላሳውን ጠጅም ብርዙንም ይተው።
- ብርዝ ለሹፌሩ የሚሰጠው በዚያው ቀን የተበጠበጠ ከሆነ ብቻ ነው። ያደረ ብርዝ መፍላት ይጀምራል። ለልጆችም እንደዚሁ።
- አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማርም ብርዝም አይሰጥም። ማር ውስጥ የሚገኝ ተህዋሲ ሕፃናትን ለሚያሽመደምድ መመረዝ ያጋልጣል።
- ጠጅ ላይ አረቄ አትደርቡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- በጉልበቱ መመዘን። «ሁለት ብርሌ ጣለኝ» የጥራት ምስክር አይደለም። በስኳር የተጣለም ይጥላል።
- እሑድ አመሻሽ ላይ መሄድ። ያኔ የሚቀዳው ከጋኑ ሥር ያለው ነው፤ አተላው ይበዛል። ረፋድ ላይ ሂዱ።
- በአንድ ቅምሻ ቤቱን መፈረጅ። የቀመሳችሁት አንድ ጥንስስ ነው። በሁለተኛው ጥንስስ ተመልሳችሁ ጥሩ ካገኛችሁ ያኔ የባለቤቷን እጅ ማመን ትችላላችሁ።
- በሰው ፊት «ስኳር አለበት» ብሎ መጮህ። ሴትዮዋን ታዋርዳላችሁ፣ ራሳችሁም እርግጠኛ ልትሆኑ አትችሉም። ከፍላችሁ ውጡ፣ ሌላ ቤት ሂዱ።

የወይን ፍሬ ጠጅ ለምትሉ

በጣና ዳር የወይን ጠጅ ፋብሪካ ፈልጋችሁ አትድከሙ። በአገራችን ከታወቁት የወይን እርሻዎች አንዱ ዝዋይ (ባቱ) ላይ ነው፤ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚባሉት ወይኖች ከዚያ ይመጣሉ። ጉደርና አክሱሚት ደግሞ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ምርቶች ናቸው። ባሕር ዳር ሱፐርማርኬት ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። ስትገዙ ፀሐይ ከሚመታው መደርደሪያ ላይ የቆመውን ጠርሙስ ተዉት፤ ሙቀት ወይኑን ያበስለዋል። ከጥላው አንሡ። ነጩንና ጣፋጩን አቀዝቅዙ፤ ቀዩንም ቢሆን በባሕር ዳር ሙቀት ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፣ አለዚያ አልኮሉ ብቻ ይሸታችኋል። ከጠጁ ጋር በአንድ ማዕድ መቅመስ ከፈለጋችሁ ወይኑን አስቀድሙ፤ ከማር በኋላ ወይን ቆምጣጣ ሆኖ ነው የሚሰማው።